እንቅልፍ እምቢ ሲል ከአልጋው ውረዱ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከጎናችሁ ያለው ሰው ያንኮራፋል። ሞባይል አንስታችሁ ሰዓት ታያላችሁ። «አሁን እንኳ ብተኛ አራት ሰዓት አገኛለሁ» ትላላችሁ። ከዚያ ዓይን ጨፍኖ ትግል።

እኔም ወራት እንዲህ አሳልፌያለሁ። እንቅልፍ በታገሉት ቁጥር እንደሚሸሽ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሲጨንቀን ልብ ይመታል፣ ሰውነት ይነቃል። ይህ ሲደጋገም አልጋው ራሱ የመገላበጫ ቦታ ሆኖ አእምሯችን ውስጥ ይቀረፃል። ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያየ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ የወሰደው ሰው፣ መኝታ ቤት ሲገባ ዓይኑ ፍጥጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ሥራው ከጠዋት ይጀምራል። የመነሻ ሰዓታችሁን ቁረጡ። 12 ሰዓት ካላችሁ እሁድም 12 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ባትተኙም። ከባዱ ይሄ ነው፤ ዋናውም ይሄ ነው። ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማታ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን አንዱ እሱ ነው። እስከ ረፋድ የተኛ፣ ከምሳ በኋላም ረጅም ያሸለበ ሰው የማታውን እንቅልፍ ከየት ያመጣዋል?

ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይን፣ ደግሞ አንጎል ውስጥ የአዴኖሲንን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ አቦል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ግማሹ አብሯችሁ አለ። ጎረቤት ቡና ሲጠራ እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሂዱ፣ ቆሎውን ብሉ፣ ጨዋታው አይቅርባችሁ። ስኒውን ግን ከምሳ በፊት ጨርሱት። ጫትም እንቅልፍ ይነሳል። መጠጥ ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊት ይቀሰቅሳል።

ማታ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አትውጡ። ድካም ሌላ፣ እንቅልፍ ሌላ። ከተኛችሁ በኋላ በግምት 20 ደቂቃ አልፎ እንቅልፍ ካልወሰዳችሁ ተነሱ። ሰዓት አትዩ። መብራቱን ደብዘዝ አድርጋችሁ ቀላል ነገር ሥሩ። እኔ ምስር እለቅም ነበር፤ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጠጠሯን እየነጠልኩ። ዓይን ሲከብድ ተመለሱ። ደግሞ እምቢ ካለ፣ ደግሞ ተነሱ። መንገዱን በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳሉ፤ በዚያ ሰሞን ድብታ ካለባችሁ መኪና አትንዱ።

አልጋው መቀመጫም የሆነበት አንድ ክፍል ቤት ያላችሁ፣ ቀን አልጋ ልብስ አልብሱትና ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ወደ ትራሱ መጠጋት ለእንቅልፍ ብቻ ይሁን።

ችግሩ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየመጣ 3 ወር ከሞላው ሐኪም ጋ ሂዱ። የእንቅልፍ ክኒን በራሳችሁ አትጀምሩ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ እንቅልፉን የሚያሳጥር ነገር ከመሞከሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። አብሯችሁ የሚተኛውንም ሰው ጠይቁት፤ ስታንኮራፉ ቆይቶ ትንፋሻችሁ ቀጥ የሚል ከሆነ ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል 3 ወር አትጠብቁ።