«ሰው የለኝም» ማለትን እንዴት እንደተውኩ

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የልብስ ስፌት ቤቴ ተዘረፈ። ሲንጀር የስፌት መኪናዬን ከነጠረጴዛው ወሰዱት፤ መቀስ እንኳ አልተረፈኝም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር የማወራው ያንኑ ነበር፤ አቦሉ ላይ ጀምሬ በረካው ላይ እጨርሳለሁ። ሰውም «አብሽር» ይለኛል። ደስ ይላል እኮ! ችግሩም እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠር። እህቴ ሳትነግረኝ፣ ያን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ጥሬ ቡና ሲኒ ውስጥ ትጥል ነበር። ቅዳሜ አምጥታ ረከቦቱ ላይ ገለበጠችው። 19 ፍሬ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። አንተ ራስህ ብትቆጥር ይሻላል፤ ሰው ሲቆጥርብህ ያናድዳል።

ከዚያ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን አንብብ። የመጻጉዕ እሑድ የሚነበበው ነው፤ ስንቴ ሰምቼው ልብ ያልኩት ግን በ2016 ጾም ነው። ሰውዬው 38 ዓመት ታሟል፤ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል በሚባልበት መጠመቂያ ዳር ተኝቷል። ኢየሱስ መዳን ትፈልጋለህ ወይ አለው። አዎ ማለት ይበቃ ነበር። እሱ ግን ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም፣ ስሄድ ሌላው ይቀድመኛል ብሎ ዘረዘረ። አልዋሸም። እኔም አልዋሸሁም፣ ተዘርፌያለሁ። ግን ሰው የለኝም እያለ የሚያወራው ለማን እንደሆነ አላወቀም፤ ለመሲሑ ነው! ኢየሱስም ማን ቀደመህ ብሎ አልመረመረውም፣ ተነሥተህ አልጋህን ተሸከም አለው እንጂ። ኃይሉ የእሱ ነው፤ አልጋውን ማንሳት ግን የሰውዬው ሥራ ነበር።

አሁን ወረቀት አምጣና ከመሀል እጠፈው። በግራ በኩል የተደረገብህን ጻፍ፣ ምንም አታሳንስ። «ሁሉም ለበጎ ነው» እያሉ የሰው ቁስል የሚያዳፍኑትን እኔ አልወዳቸውም፤ በደል በደል ነው፤ ካሳ የሚጠየቅበት መንገድ ካለ ሄዶ መጠየቅም ኃላፊነት ነው። በቀኝ በኩል ዛሬ እስከ ማታ ልታደርገው የምትችለውን አንድ ነገር ብቻ ጻፍ። የኔ ግራው ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞረ። ቀኙ ላይ ግን ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ሙጋድ ሰፈር ያለውን ልብስ ሰፊ፣ የስፌት መኪናውን ማታ ማታ ያከራየኝ እንደሆነ ጠይቅ።»

ይቅርታንም እዚህ ልጨምር ነበር፣ ግን እኔ ገና ነኝ። ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ በጸሎት «ሲንጀሩን የወሰደው» እያልኩ ነው የማነሳው። አንዳንድ ቀን ከልቤ ነው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከአፌ አያልፍም።

ልብስ ሰፊው እሺ አለኝ፣ ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት። መጀመሪያ የሰፋሁት የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም ነው፤ እጄ ረስቶ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩት፣ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። እህቴ ሲኒዋን አሁንም አላነሳችም። ይሄን ጽሑፍ ሳነብላት ደግሞ አንድ ፍሬ ጣለች።