«ጠፍቷል እኮ ጋሼ!»፦ በኤሌክትሪክ መላጊያ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ለማጅ ልጅ መላጊያውን ከጣውላው ላይ አነሳና ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገው። ጣቱን ከማብሪያው ለቋል። ድምፁ ግን ገና አልበረደም። ማሽኑ ነፍስ የዘራ ይመስል ተንደርድሮ ወደ ልጁ ሆድ መጣ። ደግነቱ ልጁ ቀልጣፋ ነው፣ ዘሎ ሸሸ። መላጊያው ከጠረጴዛው ወድቆ በኬብሉ ተንጠለጠለ። ጠረጴዛዬ ላይ እስከ ዛሬ የሚታይ ጭረት ትቶልኛል።

ቀና ብዬ ሳየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጠፍቷል እኮ ጋሼ!»

ይህቺን «ጠፍቷል እኮ» ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጥራትም። ዛሬ የምጽፈውም እሷ አንጀቴን ስላሳረረችው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እንጨት ስሠራ በዚህ ማሽን ሲጎዱ ያየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ የተጎዱት እንጨት እየላጉ አይደለም። ሲላግማ ሁለት እጅ ማሽኑ ላይ ነው፣ ምላጩም እንጨቱ ላይ ተደፍቷል። ጣት የሚሄደው ሥራው የቆመ ሲመስል ነው።

ሳይቆም ማስቀመጥ

የኤሌክትሪክ መላጊያ ከስሩ አንድ ድቡልቡል ብረት አለው፤ ሁለቱ ምላጮች እሱ ላይ ይታሰራሉ። ያ ብረት በብዙዎቹ ማሽኖች በደቂቃ 16 ሺህ ዙር አካባቢ ይዞራል። በሁለት ምላጭ ስታሰሉት በአንድ ሰከንድ ከ500 ጊዜ በላይ ይቆርጣል ማለት ነው። እንዲህ የሚበር ነገር ጣታችሁን ከማብሪያው ስላነሳችሁ ብቻ ቀጥ አይልም። በያዘው ጉልበት ለብዙ ሰከንድ ይዞራል። ምላጩ ከስር ወደ ፊት ስለሚቧጥጥ፣ የሚነክሰው ነገር ሲያገኝ ማሽኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ኋላ ያለው ደግሞ የእናንተ ሆድ ነው።

አዳዲሶቹ ማሽኖች ሲቀመጡ ምላጩ ጠረጴዛውን እንዳይነካ የምታግዝ ትንሽ የፕላስቲክ እግር ከኋላ አላቸው። ጥሩ ነገር ናት። ግን ትሰበራለች፤ ፍቅፋቂ ገብቶባትም ተቀርቅራ ትቀራለች። ስለዚህ እሷን አትመኑ። እኔ ልጆቹን ማሽኑን በሁለት እጅ እንደያዙ እስከ አስር አስቆጥራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላም የፊቱን ጫፍ ቁራጭ እንጨት ላይ አሳርፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ምላጩ ምንም አይነካም።

ፍቅፋቂ በጣት መጎርጎር

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፤ ይቅርታ።

ርጥብ ባህር ዛፍ ስትልጉ ፍቅፋቂው እንደ ደረቅ ዋንዛ ብን ብሎ አይወጣም። እየተጣበቀ፣ እየታጨቀ በጎን ያለችውን መውጫ ይደፍናታል። ማሽኑ ድምፁ ይወፍራል፣ ይታፈናል። ሰው ምን ያደርጋል? ማብሪያውን ይለቅና ሌባ ጣቱን ወደ መውጫዋ ይሰዳል። ልክ አፍንጫ እንደሚጎረጉር ሕፃን።

ያቺ መውጫ ወዴት እንደምትሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቀጥታ ወደ ምላጩ ናት። መሐል ላይ በር የለ፣ ወንፊት የለ፣ ምንም የለ። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ከጉድጓዷ አፍ እስከ ምላጩ ያለው ርቀት ከጣታችሁ ያጠረ ነው። ምላጩ ደግሞ ፍቅፋቂው ስላፈነው ድምፁ ቀንሷል እንጂ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ቆሞም ቢሆን፣ ሶኬቱ ካልተነቀለ፣ ማሽኑን የያዘው ሌላኛው እጃችሁ ያለው ማብሪያው ላይ ነው። በጣት ስትጎረጉሩ ያ እጃችሁ ማሽኑን ይጨምቃል። ሲጨምቅ ምን እንደሚነካ ንገሩኝ።

ይሄን ስል እንደ ንጹህ ሰው እንዳይመስላችሁ። የቀኝ ሌባ ጣቴ ጥፍር ጠማማ ነው፣ ጫፉም ጎደሎ ነው። በሃያ አራት ዓመቴ፣ በክረምት፣ የሰው ቤት የጣሪያ ማገር ስልግ የሆነ ነው። እኔም ጠፍቷል ብዬ ነበር። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም፤ መጀመሪያ ያየሁት ነጩ ፍቅፋቂ ሲቀላ ነው። ለዓመታት ሰው ሲጠይቀኝ «በር ቀጥቅጦኝ ነው» እያልኩ ኖሬያለሁ። አናጢ በመላጊያ ተቆረጠ መባሉ አሳፍሮኝ።

ከደፈነ ሶኬቱን ንቀሉ። አጥፉ አላልኩም፣ ንቀሉ። ከዚያ በቀጭን እንጨት አውጡት። ካቻቢቴ አትጠቀሙ፣ ምላጩን ይሸርፈዋል። ደግሞ በየደቂቃው የሚደፍን ከሆነ ማሽኑ የሚነግራችሁ ነገር አለ፤ ወይ ምላጩ ዶልዱሟል፣ ወይ እንጨቱ ርጥብ ነው፣ ወይ ጥልቀቱን አብዝታችሁታል፣ ወይ የፍቅፋቂው ከረጢት ሞልቷል።

መብራት ሲሄድ

ይሄኛውን ከማሽኑ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ትልቅ ቦታ ተሰጥቶት አታገኙትም፤ የጻፉት ሰዎች እንደኛ መብራት የሚሄድባቸው አይመስለኝም።

ብዙ መላጊያ ላይ ማብሪያውን ቆልፎ የሚይዝ ትንሽ ቁልፍ አለ። ጣት እንዳይደክም ነው። አንድ ቀን እኔ የምሠራበት ግቢ ውስጥ ካለ ሌላ ወርክሾፕ አንዱ ማብሪያውን ቆልፎ ሲልግ መብራት ሄደ። ማሽኑ ቀስ እያለ ዝም አለ። ልጁም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሁሉም ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፣ ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ላይ እንደደረስን ሬዲዮው ድንገት ጮኸ። «መጣ!» ብለን ስንፈነድቅ ከውስጥ ሌላ ጩኸት ሰማን። መላጊያው ብቻውን ተነስቶ ጠረጴዛውን እየፈጨ ነበር። ማንም አጠገቡ ስላልነበረ ተረፍን። አንዱ ልጅ ቡና ባይወድና ውስጥ ቢቀር ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምጽፈው።

መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ ሶኬት መንቀል ነው። «ኧረ መብራት!» ብሎ መማረር ሁለተኛ ይሁን። ጀነሬተር የምታስነሱም እንደዚያው። የምትቆልፈዋን ቁልፍ ግን እኔን ከጠየቃችሁ ጭራሽ አትንኳት። ጣት ቢደክም ይረፍ።

ጥልቀት

ጀማሪ ሁሉ በአንዴ የሚነሳውን ውፍረት የሚወስነውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ያዞራል። በግማሽ ሚሊ ሜትር ጀምሩ። ሁለት ሚሊ በአንዴ ማንሳት ጉራ ነው፤ ማሽኑ ይንገጫገጫል፣ ጉጥ ሲያገኝ ይመታል፣ እንጨቱም ይቦጨቃል።

ምስማር

ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ርካሽ ነው፤ ሁላችንም እንገዛለን። ግን ሆዱ ምስማር፣ ገጹ ሲሚንቶ ነው። ምላጭ ምስማር ሲያገኝ የሚፈነጠረው የምስማሩ ቁራጭ ብቻ አይደለም፣ የምላጩም ጭምር ነው። መነጽር ሳላደርግ ያለፉኝን ቀናት ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡና በክር አንጠልጥላችሁ ጣውላው ላይ አዝግማችሁ አሳልፉት። ምስማሩ የተቆረጠና የተደበቀ ቢሆንም ማግኔቱ ዘንበል ይላል። ሲሚንቶውን ደግሞ በሽቦ ብሩሽ።

በእግር መያዝ፣ በሰው ማስያዝ

እንጨቱን በጫማችሁ ረግጣችሁ አትላጉ። ጓደኛችሁንም «ያዝልኝ» አትበሉት፤ መላጊያው ሲመታ እንጨቱ የሚሄደው ወደ እሱ ጣት ነው። ሞርሳ፣ እንጨቱን ጠፍንጎ የሚይዘውን ማለቴ ነው፣ ግዙ። ሞርሳ ከሌለ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ማቆሚያ እንጨት ምቱ፤ ግን የምስማሩ ራስ ምላጩ በሚያልፍበት መንገድ እንዳይቀር። ከክንድ ያጠረ ቁራጭ ከሆነ ለዚህ ማሽን አይሆንም፤ የድሮውን የእጅ መላጊያ አውጡ። አላረጀም።

ማሽኑን ደግሞ እንጨቱ ላይ አስቀምጣችሁ አታስነሱ። አየር ላይ ይነሳ፣ ሙሉ ድምፁን ያውጣ፣ ከዚያ ይግባ። ሲገባ ጫናው ፊት ላይ፣ ሲወጣ ኋላ ላይ። ይሄን ያልያዘ ሰው የላገውን ጣውላ ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ ሁለቱም ጫፉ ተበልቷል።

የክረምት በር

ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ስልኬ አያርፍም። «ልጄ፣ በሩ እምቢ አለኝ፣ ና እስቲ ላግልኝ።» እትዬ ናቸው፣ የሰፈሩ እናት። እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በሩ መቃኑን ይነክሳል። ጀማሪ ምን ያደርጋል? በሩ እንደተሰቀለ፣ ወንበር ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ በሩን ይዞ በአንድ እጁ ይልጋል። ይሄ ሦስት ስህተት በአንድ ነው። በሩን ከማጠፊያው ፍቱት፣ በጠርዙ አቁማችሁ እሰሩት። ማጠፊያና ቁልፍ ያለበት በኩል ብረት እንዳለ አትዘንጉ። ከላይ ወይም ከታች የምትልጉ ከሆነ ከአንዱ ጫፍ ገብታችሁ በሌላኛው አትውጡ፤ መላጊያው ሲወጣ ጠርዙን ይሰነጥቀዋል። ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሐል ላጉ።

ደግሞ አታብዙ። አንድ ጊዜ እትዬን ለማስደሰት ብዬ በሩን በአንድ ጣት እስኪዘጋ ላግሁላቸው። መረቁኝ። ጥር ላይ እንጨቱ ደርቆ ሲሸሽ በበሩና በመቃኑ መሐል እጅ የሚያስገባ ክፍተት መጣ። አሁንም ሲያዩኝ «ያ የንፋሱ ልጅ» ይሉኛል።

የድሮ በር ከሆነና ቀለም ከተደራረበበት ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። እቤት ውስጥ፣ ሕፃናት ባሉበት አትላጉት።

ኬብል፣ ልብስ፣ አቧራ

ኬብሉን በትከሻ ላይ አሳልፉት። የራሱን ኬብል የቆረጠ መላጊያ አይቻለሁ፤ በፕላስተር የተጠቀለለ ኬብልማ ስንቱን።

ጋቢ ደርቦ፣ ስካርፍ አንጠልጥሎ የሚልግ ሰው ነሐሴ ላይ አይጠፋም። ብርዱን አውቀዋለሁ፤ ግን የሚዞር ነገር ጨርቅ ይወዳል። ሰፊ ጓንትም ያው ነው፣ ይጠመጠማል።

አቧራውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። «አባቴ አርባ ዓመት ሠርቶበታል» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ ያስገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ በተለይ የአፍንጫና የዙሪያው ካንሰር። አፍ ላይ ጨርቅ ማሰር ማስክ ማድረግ አይደለም። ጆሮም ይደፈን። እኔ ቤት ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ጎረቤት ድረስ ይሰማል፤ ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ።

ምላጭ መቀየር

የዶለዶመ ምላጭ ከስለታሙ ይልቅ ያስፈራኛል። ስለታሙ ራሱ ይሄዳል፤ ዶልዱሙን ትገፉታላችሁ፣ የምትገፉት ነገር ደግሞ ድንገት ያመልጣል። ቺፑድ አትላጉበት፣ ሙጫው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ስትቀይሩ ሶኬቱ ተነቅሎ ዓይናችሁ እያየው ይሁን። ሁለቱንም ምላጭ አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ከሆነ ሚዛኑ ይዛባና ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። የምላጩ ጫፍ ከኋለኛው ጠፍጣፋ ብረት ጋር እኩል ይሁን። ጥልቀቱን የሚወስነው የፊተኛው ብረት ከፍ ዝቅ ሲል ነው፤ ኋለኛው የተላገው ላይ ይተኛል። ቀጥ ያለ እንጨት አስተኝታችሁበት ድቡልቡሉን ብረት በእንጨት ጫፍ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ምላጩ እንጨቱን ላሰት እንጂ ገፋ አያድርገው። ብሎኖቹን ሁሉንም እሰሩ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እንደገና ሞክሯቸው። የላላ ብሎን በዚያ ፍጥነት ጥይት ነው። መጀመሪያ ስታስነሱት ከሰው አርቃችሁ፣ ፊታችሁን መልሳችሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ ባዶውን አዙሩት።

ትናንት ያ ልጅ መላጊያውን ይዞ ጮክ ብሎ ሲቆጥር ሰማሁት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሰባት...» ከአንድ አስጀመርኩት።