የእንግሊዝ ጥንታዊ የብር ዕቃ ስትገዙ ቅርጫቶቹን አውርዱ

ቅዳሜ ጠዋት የለንደኑን ፖርቶቤሎ ገበያ ለምትዞሩ፣ ወይም ጨረታ ለምትከታተሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኤፐርን የሚባለውን ሳታዩ አልቀራችሁም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሀብታሞች ገበታቸው መሃል የሚያቆሙት የብር ዕቃ ነው። ከላይ ትልቅ ቅርጫት አለው፤ ዙሪያውን በክንዶች የተያዙ ትናንሽ ቅርጫቶች። ፍራፍሬና ጣፋጭ ይቀርብበት ነበር።

ሻጩ ዋናው አካል ላይ ያለውን ማህተም ሲያሳያችሁ በዚያ አትርኩ። ክንዶቹን ንቀሉ፣ ቅርጫቶቹን አውርዱ፣ አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር እዩ። ማህተሙ ውስጥ የሚራመድ አንበሳ ማለት ስተርሊንግ ነው፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹህ ብር። የነብር ራስ ብሩ የተፈተሸው ለንደን ነው ማለት ነው፣ መልህቅ ደግሞ በርሚንግሃም። ነጠላዋ ፊደል ደግሞ ዓመቱን ትነግራችኋለች። ትናንሾቹ ክፍሎች ሙሉ ማህተም ላይኖራቸው ይችላል፣ ይሄ አያስደንግጣችሁ። ግን አንዱ ቅርጫት ላይ ያለው የሠሪ ምልክት ከሌሎቹ ከተለየ፣ ምናልባት ከሌላ ዕቃ መጥቶ የተገጠመ ነውና ዋጋ ላይ ጠንከር በሉ።

ኢፒኤንኤስ (EPNS) የሚሉ ፊደላት ካያችሁማ ብር የተለበጠ ነው፤ ያምራል፣ ግን የብር ዋጋ አትክፈሉበት።

አንዲት ዘዴ ልጨምር። ክንዱ ከአካሉ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተንፍሱበት። ጉሙ እስኪጠፋ ባለችው ቅጽበት የድሮ ጥገና ብየዳ መስመር ብቅ ሊል ይችላል። እኔ ሻጩ ቢስቅብኝም ሳልተነፍስ አልገዛም።