ቢላው ነው ወይስ ስለቱ? የወጥ ቤት ቢላ ችግሮችና መፍትሄያቸው

«ይሄ ቢላ አይቆርጥም» በሚባልበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ቢላ አለ። አንዱም አይቆርጥም። አዲስ ሲገዛ ሁለት ወር ደስ ያሰኛል፤ ከዚያ እሱም መሳቢያ ገብቶ ከባልንጀሮቹ ጋር ይቀላቀላል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስገዛ ኖሬ ነው ነገሩ የገባኝ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ስለቱ ላይ፣ መክተፊያው ላይ ወይም አያያዛችን ላይ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የቢላዎ ሕመም ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ይዩ።

ቲማቲም ይጨፈልቃል፤ ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይን አያስገልጥም

ሁለቱም የአንድ በሽታ ምልክት ናቸው፤ ስለቱ ደንዟል። ሽንኩርት ዓይን የሚያቃጥለውን ጋዝ የሚለቀው ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ህዋሳት ሲፈርሱ ነው። የተሳለ ቢላ ጥቂቱን ቆርጦ ያልፋል፣ ዱልዱሙ ግን እየደፈጠጠ ብዙውን ያፈርሳል። ለዶሮ ወጥ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ለሚከትፍ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

መደነዝ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ስለቱ በጣም ቀጭን ስለሆነ በመክተፍ ብዛት ወደ ጎን ይታጠፋል። ብረቱ አልተበላም፣ ዘመመ እንጂ። ሁለተኛው፣ ብረቱ ራሱ ተበልቶ ጠርዙ ድቡልቡል ሆኗል። ለመለየት ቢላውን ስለቱን ወደ ላይ አድርገው አምፖል ሥር ይያዙት። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ ነጭ መስመር የሚያብለጨልጭበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ስለት የለም ማለት ነው።

ለታጠፈው መፍትሄው ሥጋ ቆራጮች በየመሃሉ ቢላቸውን ዠቅ ዠቅ የሚያደርጉበት የብረት ዘንግ ነው። ብዙ ሰው ያ ዘንግ ቢላ የሚስል ይመስለዋል፤ ዋና ሥራው የታጠፈውን ማቅናት ነው። በየጎኑ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ሳይጫኑ፣ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፍ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቲማቲሙን ካልቆረጠ ስለቱ ተበልቷልና ድንጋይ ያስፈልገዋል።

የመሳያ ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሸካራነቱ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ድንጋዩ ይለሰልሳል። ለቤት 1000 ቁጥር ብቻውን ብዙ ዓመት ያገለግላል። በውሃ የሚሠራ ከሆነ አረፋ ማውጣቱን እስኪተው ይዘፍዝፉት። ቢላውን ድንጋዩ ላይ ሲያስተኙ ጀርባው ትንሽ ከፍ ይበል። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለሆነ ቢላ ጀርባው 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከድንጋዩ ከተነሳ ወደ 20 ዲግሪ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር ከፍታውን አለመቀያየር ነው። አንዱን ጎን እየገፉና እየሳቡ ሲስሉ በሌላኛው ጎን በጣት ሲዳሰስ ሻከር ብሎ የሚይዝ ጠርዝ ይወጣል። (ጣትዎን ከጀርባው ወደ ስለቱ እንጂ በስለቱ ርዝመት አይሂዱበት።) ያ ሻካራ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ሲወጣ ቢላውን ገልብጠው ሌላውን ጎን ይሳሉ። በመጨረሻ እየቀያየሩ በጣም በቀስታ ሲያሳርፉት ይጠፋል።

ድንጋይ ከሌለስ? ሲኒ ይገልብጡ። ከታች ያለው ቀለበት ብዙ ጊዜ የሚያብለጨልጨው ሽፋን አይቀባም፤ ያ ሻካራ ሸክላ ከብረት ይጠነክራል። ትልቅ የሻይ ኩባያ ከሆነ ይበልጥ ይመቻል። እንግዳ ደርሶ ሽንኩርቱ ሳይከተፍ ሲቀር አድኖኛል፤ የድንጋዩን ቦታ ግን አይተካም።

ተስሎ በማግስቱ ይደነዛል

ይሄኛው ሰው ተስፋ አስቆርጦ አዲስ የሚያስገዛው ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ነው።

መጀመሪያ መክተፊያውን ይዩ። ሳህን ላይ፣ እምነበረድ ላይ፣ በብርጭቆ መክተፊያ ላይ የሚከተፍ ከሆነ የትኛውም ቢላ አይቆይም፤ ሁሉም ለስለቱ በጣም ጠጣር ናቸው። እንጨት ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ይሁን። ሁለተኛ፣ የተከተፈውን ሽንኩርት ወደ ድስት ሲጨምሩ መክተፊያውን የሚጠርጉት በስለቱ ነው? አብዛኞቻችን እንዲያ እናደርጋለን። ቢላውን ገልብጠው በጀርባው ይጥረጉ። ሦስተኛ፣ ያ ሻካራ ጠርዝ ሳይወገድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ላለበት ቢላ የመጀመሪያው ቀን ምላጭ መስሎ በሁለተኛው ቀን መድከም ልማዱ ነው።

አራተኛው የእኔ ጥፋት ነው። ከውጭ በስጦታ የመጣልኝን ጥሩ ቢላ በሚሽከረከር የማሽን ድንጋይ ለሚስል ሰው ሰጠሁት። ብልጭታው ሲወጣ ቆሜ አደነቅሁ። ቢላው ሲመለስ ጫፉ አካባቢ ሰማያዊ ቀለም ነበረው። ያ ቀለም ብረቱ ከመጠን በላይ መሞቁን ይናገራል። የቢላ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ ተግሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ነው፤ ማሽኑ ላይ ያለ ውሃ ሲግል ያ ሁሉ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢስሉት ያ ቦታ ለስላሳ ነው። መፍትሄው የተቃጠለው እስኪያልቅ በእጅ መሳል ብቻ ነው። ማሽን ላይ ማስሳል ግድ ከሆነ በየመሃሉ ውሃ ውስጥ የሚነክር ሰው ይፈልጉ።

ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይዝጋል

«ስቴንለስ ነው ተብሎ እንዴት ይዝጋል?» ይላሉ። አይዝጌ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ነው ዝገትን የሚቋቋመው፤ መቋቋም ደግሞ ልክ አለው። ጨውና ሎሚ ተቀብቶ ማጠቢያው ውስጥ ያደረ ቢላ ነጠብጣብ ያወጣል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ቢላችሁን እዚያ አትክተቱ፤ ሙቀቱ፣ ሳሙናውና ከሌላ ዕቃ ጋር መጋጨቱ እጀታውንም ስለቱንም ይጎዳል። በእጅ ማጠብና ወዲያው ማድረቅ ይበቃል። የወጣውን ነጠብጣብ በቤኪንግ ሶዳና በጥቂት ውሃ ቢያሹት ይለቃል። ክሮሚየም የሌለው የካርቦን ብረት ግን ሽንኩርት ሲነካ ግራጫና ሰማያዊ ይለብሳል። ያ ዝገት አይደለም፣ ይተዉት። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሲሆን ነው የሚያሳስበው።

ስለቱ ተሸራርፏል

አጥንት ነው። ወይም በረዶ የያዘ ሥጋ። ወይም ቢላውን ቆርቆሮ የከፈተበት ሰው ቤት ውስጥ አለ፣ አያምንም እንጂ።

ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት አጥንት መስበር አይጠይቅም፤ ባለሙያዎቹ እናቶቻችን መጋጠሚያውን በጣት ፈልገው፣ ወደ ኋላ ሰበር አድርገው፣ ቢላውን በክፍተቱ ነው የሚያሳልፉት። ቢላ እምቢ ካለ አጥንት ላይ ነዎት፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ። ለሚሰበር አጥንት ወፍራም የአጥንት መክተፊያ ቢላ ወይም ሥጋ ቤቱ ራሱ አለ። የተሸረፈውን በ400 ቁጥር ድንጋይ ሽርፉ እስኪጠፋ መሳል ይቻላል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ቢላው ስለታም ነው፣ እጅ ግን ይዝላል

እዚህ ላይ የመጽሐፍ ምክር ለእኛ ቤት አይሠራም። «20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ቢላ ይግዙ» ይላል። ብዙዎቻችን ግን ሽንኩርትና ድንች የምንቆርጠው መክተፊያ ላይ ሳይሆን በእጃችን ይዘን፣ ወደ አውራ ጣታችን እየሳብን፣ ድስቱ ላይ ነው። እንዲህ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ቢላ ከባድና አደገኛ ነው፤ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ቢላ ይሻለዋል። ትልቁን ከገዙ ልማዱንም አብረው ይቀይሩ፤ መክተፊያውን ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርገው እንዳይንሸራተት፣ ቢላውን ደግሞ እጀታው ላይ ብቻ ሳይሆን ብረቱን ከእጀታው ሥር በአውራና በአመልካች ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይያዙ። ክብደቱ ያኔ ለእርስዎ ይሠራል።

እጀታው የሚወዛወዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ ውሃ ገብቶበት ነው። ሪቬቱ (እጀታውን ከብረቱ ጋር የያዘው ምስማር) የላላ እንደሆነ ማጥበቅ ይቻላል፣ እንጨቱ የተሰነጠቀ እንደሆነ ይጣላል።

ሁሉንም ሞክሬ ቢላው ራሱ ነው

እንግዲህ ይግዙ። ማግኔት ይዘው ይሂዱ። የብረት ቢላ ሆኖ ማግኔት ካልያዘው በሙቀት የማይጠነክር የማንኪያ ዓይነት ብረት ነው፤ 18/10 የሚለው ጽሑፍ (18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው) ድስትና ማንኪያ ላይ ያምራል፣ ስለት ላይ ግን አይፈለግም። ማግኔት ያዘው ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ካልያዘው ግን ይመልሱት። የውሃ ሞገድ የመሰለ ጌጥ አያታልልዎ። በርካሹ ላይ በሌዘር የታተመ ነው፤ እውነተኛውም ቢሆን የሚቆርጠው መሃል ያለው ብረት ነው።

የጃፓን ቢላዎች ብዙ ጊዜ ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 60 እና ከዚያ በላይ የሚደርስ ጠንካራ ብረት አላቸው፤ በ15 ዲግሪ ገደማ ቀጥነው ይሳላሉ፣ ስለታቸውም ይቆያል። አጥንት ሲነካቸው ግን ይሸረፋሉ። የጀርመኖቹ ብዙ ጊዜ 1.4116 ከሚባለው ብረት ይሠራሉ፤ 15 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው፣ ጥንካሬው 56 አካባቢ ነው፣ ቶሎ ይታጠፋል ግን በዘንግ ይቃናል። አማቷም፣ ሠራተኛዋም፣ ልጁም የሚያነሳው ቢላ ከሆነ እኔ የጀርመኑን እመርጣለሁ። በቢላ ሥራ የታወቀችው የጀርመን ከተማ የዞሊንገን ስም ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአገሪቱ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በየመደብሩ ስሙን የሚለጥፍ ሁሉ ግን ከዚያ አልመጣም።

አሥራ አምስት ቢላ ከነማስቀመጫው አያስፈልግም። አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ፣ ለድፎ ዳቦ ደግሞ ጥርስ ያለው። የመጨረሻውን ርካሹን ይግዙ፤ ጥርሱ ሲያልቅ ቤት ውስጥ መሳል አስቸጋሪ ስለሆነ ይጣላል።