አሜሪካ ውስጥ የቤት ኢንሹራንስ እድሳት ሲወደድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእድሳት ወረቀቱ የሚመጣው ውሉ ሊያልቅ አንድ ወይም ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ያለበት ሰው ኢንሹራንሱን ከኤስክሮው፣ ማለትም ከወርሃዊ ክፍያው ላይ ለኢንሹራንስና ለግብር ከሚጠራቀመው ሂሳቡ፣ የሚከፍልለት አበዳሪው ስለሆነ፣ ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ጭማሪው የሚሰማው ከወራት በኋላ የቤቱ ወርሃዊ ክፍያ ከፍ ሲል ነው። ያን ጊዜ ተናድዶ ከሽፋኑ እጁ የገባውን ሁሉ ይቆርጣል። ከጭማሪው ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ችኩል መቁረጥ ነው።

"አንድም ቀን ክሌም (የካሳ ጥያቄ) አላቀረብኩም፣ ለምን ይጨመርብኛል?" ብሎ ኤጀንቱን መሞገት ብዙም አያዋጣም። ከ2020 ወዲህ የእንጨቱም የጣሪያውም የሠራተኛውም ዋጋ ጨምሯል። ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚገቡት የጠለፋ መድንም በ2023 መጀመሪያ ክፉኛ ተወዷል። በረዶ (ሄይል) እና ዐውሎ ነፋስ በሚበዛባቸው እንደ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶና ሚኒሶታ ባሉ ስቴቶች ደግሞ ጫናው ይብሳል። ኤጀንቱ ይህን መቀየር አይችልም። የእርስዎ መረጃ በትክክል መመዝገቡን ግን ማጣራት ይችላል።

ድምሩን ብቻ ማየት

መጀመሪያ የአምናውንና የዘንድሮውን ዲክላሬሽን ፔጅ፣ ማለትም የውሉን ማጠቃለያ ገጽ፣ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አራት ነገር ያመሳክሩ፦ የቤቱ ሽፋን፣ ማለትም ከቨሬጅ ኤ፣ ስንት ሆነ? ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት ከኪስዎ የሚወጣው ገንዘብ፣ ተቀይሯል? ጣሪያው የሚካሰው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እርጅናው ተቀንሶ? አምና የነበረ ቅናሽ ዘንድሮ ጠፍቷል? አንዳንዴ ዋጋው ጨምሮ ሽፋኑ ይቀንሳል። የለውጡ ማስታወቂያ ከወረቀቱ ጥቅል ኋላ ተያይዞ ስለሚመጣ ብዙ ሰው አያየውም። በተለይ ጣሪያው ከ15 ዓመት ካለፈ ይህን መስመር ደጋግመው ያንብቡ፤ እርጅናው ተቀንሶ የሚካስ የ18 ዓመት ጣሪያ የሚያስገኘው ገንዘብ ለአዲሱ ጣሪያ ሩቡን እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

ጣሪያ ቀይረው ለኩባንያው ካልነገሩ ደግሞ በአሮጌው ዕድሜ እያስከፈለዎት ነው። የሠራተኛውን ደረሰኝና ፎቶ ይላኩ። የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የውሃ ማሞቂያ ቅያሬም እንደዚሁ ነው።

ሽፋኑን በቤቱ የገበያ ዋጋ ወይም በቀሪው ዕዳ ልክ መቁረጥ

በጣም የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው። "ዕዳዬ 280,000 ዶላር ነው፣ 300,000 ይበቃኛል" የሚል ስሌት ከኢንሹራንሱ ጋር አይገናኝም። ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው ቤቱ ቢቃጠል ከመሠረቱ አንስቶ መልሶ ለመሥራት የሚወጣውን ወጪ ነው። መሬቱ ስለማይቃጠል አይቆጠርም።

ብዙ ውሎች ላይ የ80 በመቶ ደንብ አለ፤ ሽፋኑ ቤቱን መልሶ ለመሥራት ከሚወጣው 80 በመቶ ካነሰ ካሳው ይቀነሳል። ቤቱን መልሶ ለመሥራት 500,000 ዶላር ይፈጃል እንበል። ሰማንያ በመቶው 400,000 ነው። እርስዎ የገቡት 300,000 ብቻ ከሆነ፣ ወጥ ቤት ተቃጥሎ 40,000 ዶላር ቢከሰር ዲዳክቲብሉን ሳንቆጥር ኩባንያው የሚያስበው ሦስት አራተኛውን፣ 30,000 ገደማ፣ ወይም እርጅናው የተቀነሰበትን ዋጋ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይከፍላል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወድም እንኳ ቅጣቱ ይመጣል ማለት ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2021 በዴንቨር አቅራቢያ የተነሣው የማርሻል እሳት ከ1,000 በላይ ቤቶችን ሲያወድም፣ ብዙ ባለቤቶች ሽፋናቸው ለመልሶ ግንባታ እንደማይበቃ ያወቁት ከአመዱ በኋላ ነበር።

ይህን የሽፋን ቁጥር በሐቅ የሚቀንሱበት መንገድ ግን አለ። ኩባንያው ቤቱን ያሰላበትን ዝርዝር ከኤጀንቱ ይጠይቁ። ስፋቱ፣ የመታጠቢያ ክፍሎቹ ብዛት፣ የቤዝመንቱ ሁኔታና የወለሉ ዓይነት ይዘረዘራሉ። ያልተሠራ ቤዝመንት "የተሠራ" ተብሎ፣ ተራ ጠረጴዛ ግራናይት ተብሎ መመዝገቡ የተለመደ ነው። ያን ሲያስተካክሉ ሽፋኑ ሳይጎድል ዋጋው ይወርዳል።

ዲዳክቲብሉን ሳያሰሉ ማሳደግ

ከ1,000 ወደ 2,500 ማሳደግ ብዙ ጊዜ ተገቢ ነው፤ መጀመሪያ ግን ሒሳቡን ይሥሩ። ተጨማሪው ኃላፊነት 1,500 ዶላር ሆኖ በዓመት የሚተርፍዎት 180 ከሆነ፣ ትርፍ የሚታየው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። 500 የሚተርፍ ከሆነ በሦስት ዓመት ይመለሳል።

በፐርሰንት የተጻፈው ሰው ያሳስታል። የነፋስና በረዶ ዲዳክቲብል 2 በመቶ ሲባል ከጉዳቱ ሳይሆን ከከቨሬጅ ኤ ነው። 450,000 የገባ ሰው 9,000 ዶላር ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። በረዶ 14,000 ዶላር የሚያወጣ ጣሪያ ቢያበላሽ የሚደርሰው 5,000 ብቻ ነው። አበዳሪዎችም ገደብ ስላላቸው ከማሳደግዎ በፊት ይጠይቁ። ከበረዶ በኋላ በር አንኳኩቶ "ዲዳክቲብሉን እኔ እችልልዎታለሁ" የሚል የጣሪያ ሠራተኛ ቢመጣ ያሰናብቱት፤ ቴክሳስ ውስጥ ይህ ከ2019 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው።

ለትንሽ ጉዳት ክሌም ማቅረብ

ዲዳክቲብሉ 2,500፣ ጉዳቱ 3,200 ከሆነ የሚደርስዎት 700 ዶላር ነው። ክሌሙ ግን የሰው የክሌም ታሪክ በሚያዝበት፣ ክሉ (CLUE) በሚባለው መዝገብ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል፣ ከክሌም ነጻ ለሆነ ሰው የሚሰጠውንም ቅናሽ ሊያስወስድ ይችላል። የራስዎን መዝገብ ሌክሲስኔክሲስ ከተባለው ድርጅት በየ12 ወሩ አንዴ በነጻ ማዘዝ ይቻላል። ዜሮ ዶላር የተከፈለበት ክሌም ወይም የቀድሞው ባለቤት ያቀረበው ካለ ይታያል፤ ስህተቱን በጽሑፍ ያስተካክሉ።

እንዳይጨመር ብሎ መደበቅ

ቤዝመንቱን ማከራየት፣ ቤት ውስጥ የልጆች መዋያ መክፈት፣ ቤቱን ዘግቶ ሀገር ቤት ወራት መክረም፦ እኛ ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ኩባንያው ካላወቀ ግን ችግር ይፈጥራሉ። መደበኛው ውል የንግድ ሥራን ተጠያቂነት አያካትትም ወይም በጣም ይገድበዋል፤ መዋያው ውስጥ ልጅ ቢጎዳ ክሱ እርስዎ ላይ ይቀራል። ተከራይ እንዳለ መናገር የሚያስጨምረው ሳይነገር ቀርቶ ክሌም ሲከለከል ከሚደርሰው ጋር አይወዳደርም።

በክረምት ለሚጓዝ ሰው ዋናው ስጋት የሚፈነዳ ቧንቧ ነው። ውሉ ማሞቂያው እንዲሠራ ወይም ውሃው ተዘግቶ ቧንቧው ባዶ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ዋናውን ቫልቭ ዘግተው፣ ማሞቂያውን ከ55 ዲግሪ ፋራናይት ሳያወርዱ ይሂዱ፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት በየሳምንቱ ገብቶ ይይ። ዕቃ ያለበት ቤትና ባዶ የቀረ ቤት ውሉ ላይ ይለያያሉ፤ ብዙ ውሎች ባዶ ቤት ከ30 ወይም ከ60 ቀን በኋላ የሚያስቀሩት ሽፋን አለ።

ርካሽ ተጨማሪዎችን መሰረዝ

የፍሳሽ ተመልሶ መምጣት ሽፋን በዓመት ብዙ አያስወጣም፤ ቤዝመንት ያለው ሰው ባይነካው ይሻላል። ጎርፍ ግን በመደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ውስጥ የለም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ለቤቱ እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ 30 ቀን በኋላ ነው። ዝናቡ መጣ ሲባል መደወል ዋጋ የለውም።

ዘግይቶ ወይም ተሳስቶ ኩባንያ መቀየር

ከማደሻው ቀን 45 ቀን ያህል ቀደም ብለው ይጀምሩ። የአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሸጥ ኤጀንትና ብዙ ኩባንያ የሚያወዳድር ነጻ ኤጀንት፣ ሁለቱንም ያነጋግሩ። ለሁሉም ያንኑ ዲክላሬሽን ፔጅ ይስጡ፤ አለዚያ ርካሽ የመሰለው ሽፋን ያጎደለ ይሆናል። ዋጋ መጠየቅ ክሬዲት አይቀንስም። ቨርጂኒያ ውስጥ ኩባንያዎች ዋጋ ሲያወጡ ክሬዲት ማየት ስለሚችሉ፣ እዚያ ያለ ሰው ክሬዲቱ ከተሻሻለ እንደገና እንዲታይለት ይጠይቅ፤ ሜሪላንድ ግን ለቤት ኢንሹራንስ ክሬዲት መጠቀም ስለከለከለች እዚያ ይህ አይሠራም።

አዲሱ ውል በጽሑፍ ሳይደርስዎት አሮጌውን አይሰርዙ። የሚጀምርበት ቀን አሮጌው የሚያልቅበት ቀን ይሁን። የአበዳሪው ሙሉ ስምና የብድር ቁጥሩ አዲሱ ውል ላይ መጻፉን ያረጋግጡ። ይህ ካልተደረገ አበዳሪው ኢንሹራንስ የለም ብሎ ራሱ ይገዛና ያስከፍልዎታል። የሱ ዋጋ በጣም ውድ ነው፣ የእርስዎን ዕቃም ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ክፍያውን ከመጠየቁ በፊት ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ደብዳቤው ሲመጣ የውሉን ማስረጃ ወዲያው ይላኩ። ዘግይተው ቢልኩም ማስረጃው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ሰርዞ፣ ሽፋን የነበረዎትን ጊዜ ክፍያ መመለስ ይኖርበታል።

አበዳሪው የአሮጌውን ኩባንያ እድሳት ቀድሞ ከፍሎ ከነበረ፣ ተመላሽ ቼኩ በስምዎ ወደ ቤት ይመጣል። እንደ ትርፍ ገንዘብ አይቁጠሩት። አበዳሪው ለአዲሱም ስለከፈለ ኤስክሮው ውስጥ ጉድለት አለ፤ ቼኩን ወደዚያው ያስገቡ። ቀድሞ የተፈጠረ ጉድለት ካለም ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ መክፈል ግዴታ አይደለም፤ ቢያንስ በ12 ወር ተከፋፍሎ እንዲከፈል ይፈቀዳል።