«አናላይዝ ብቻ ነው የቀረኝ» እና ሌሎች ተግባራዊ ጥናትን የሚያበላሹ ስህተቶች

ሥራዬ የሰው ጥናት ማየት ነው። የናሙና ስሌት ያስቸገረው፣ መጠይቅ የሚያዘጋጅ፣ ዳታ ይዞ የተደናገረ ሁሉ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። ጠዋት የስንዴ ዋግ የሚያጠና ይቀመጣል፤ እሱ ሲነሳ የድልድይ ንዝረት የሚለካ መሐንዲስ ይተካል፤ ከሰዓት ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያመረቅዝ ቁስል የምትከታተል ነርስ ትመጣለች። ሦስቱን አንድ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጧቸው አንዱ የሌላው ነገር አይገባውም። የሚሳሳቱት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው፦ መሬት ላይ ያለ ችግር ልፍታ ብለው ይነሳሉ፣ መንገድ ላይ ጥያቄው ይቀየርባቸዋል፣ መቀየሩንም ሳያውቁ ጨርሰው ይመጣሉ።

ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው። ቅደም ተከተላቸው በአብዛኛው እንደ ንዴቴ መጠን ነው። ጥቂቶቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ።

ዘዴ ይዞ ችግር ፍለጋ መውጣት

«ዶክተር፣ ዲፕ ለርኒንግ የምሠራበት ችግር ይኖርዎታል?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ከዲፕ ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከብዙ ዳታ ራሱ እንዲማር ከሚያደርገው ዘዴ) በፊት ጂአይኤስ (የካርታ ዳታ መተንተኛ) ነበር፤ ከዚያ በፊት ፋክተር አናሊሲስ (ብዙ መለኪያዎችን ወደ ጥቂት የሚጠቀልል ስሌት)። ስሙ በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ጠያቂው ግን ያው ነው፦ ኮርስ ወስዶ የወደደው መሣሪያ አለው፣ የጎደለው የሚሠራበት ነገር ብቻ ነው። «ቀዶ ሕክምና ተምሬያለሁ፣ ማንን ልቅደድ?» እያለ በየቤቱ እንደሚዞር ሰው ነው የሚታየኝ።

ከእነዚህ አንዱ የክሊኒክ የቀጠሮ ዳታ አገኘ። ከቀጠሮው የሚቀረውን ታማሚ አስቀድሞ የሚለይ ሞዴል ሠራና ፊቱ እየበራ መጣ። ትክክለኛነቱ ከመቶ ዘጠና።

«ከቀጠሮው የሚቀረው ታማሚ ከመቶ ስንት ነው?» አልኩት።

«አሥር ገደማ።»

«እንግዲያው 'ሁሉም ይመጣል' የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ብንለጥፍ እሱም ከመቶ ዘጠና ይመታል።»

ዝም አለ። ላፕቶፑን ዘግቶ ሁለት ቀን መዝገብ ክፍል እንዲቀመጥ ነገርኩት። እንደ ቅጣት ነው የቆጠረው፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት የተጣጠፈች የቀጠሮ ካርድ ይዞ ተመለሰ። ካርዷ ላይ ቀኑ በማኅተም ተመቷል፤ የማኅተሙ ቀለም ስለደረቀ የ3 ቁጥር ግራ ጎን አለ ሲሉት የለም፣ የለም ሲሉት አለ። 13 ይሁን 18 እኔም በመነጽር መለየት አልቻልኩም። መዝገብ ክፍል የሚሠሩት ሴትዮ «ልጄ፣ ሰው መች ቀረ? ቀኑ አልነበብ ብሎት ነው እንጂ በሌላ ቀን ይመጣል» ብለውታል። በ13 የተቀጠረው በ18 ሲመጣ ኮምፒውተሩ የ13ቱን «ቀረ» ብሎ ይይዘዋል፣ የ18ቱን ደግሞ ያለ ቀጠሮ እንደመጣ አዲስ ሰው ይመዘግባል። ልጁ ለወራት ሲያሠለጥነው የከረመው ሞዴል ይማር የነበረው የደረቀ ቀለም ነው።

ዲፕ ለርኒንግን አልጠላም። የምጠላው ቅደም ተከተሉን ነው። ጥፋቱም የተማሪ ብቻ አይደለም። አማካሪው በደንብ የሚያውቀው አንድ ዘዴ ይሆናል፤ ገንዘብ የሚሰጠው አካል የዓመቱን ፋሽን ይጠይቃል፤ ጆርናል ስለ ማኅተም ቀለም የሚያወራ ጽሑፍ አያትምም። ተማሪው በዚህ መሐል ምን ያድርግ? ቢያንስ ፕሮፖዛል ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ይመልስልኝ፦ ውጤትህ «አዎ» ቢሆን ማን ምን ያደርጋል? «አይ» ቢሆንስ? ለሁለቱም መልሱ አንድ ከሆነ ጥናቱ ለማንም አያስፈልግም። «ፖሊሲ አውጪዎች ይጠቀሙበታል» መልስ አይደለም። የትኛው ሰው፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ፣ የትኛውን ውሳኔ?

ዳታ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ምክር መጠየቅ

«ዳታው አልቋል ዶክተር፣ አናላይዝ ብቻ ነው የቀረኝ።» የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1938 ሙከራው ካለቀ በኋላ ስታቲስቲክስ አዋቂ መጥራት ሬሳ አስመርምሩልኝ እንደማለት ነው ብሎ ነበር፤ ምናልባት በምን እንደሞተ ይነግራችኋል። እኔ የምጨምረው የለኝም።

የሚቀለውን መለካት

ይህን ስህተት የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ።

ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው የተረፉ ሰዎች አንዳንዶቹ የልብ ምታቸው ይዛባል፤ ምታቸው የተዛባው ደግሞ በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ስለዚህ ምቱን የሚያስተካክል መድኃኒት ሞትን ይቀንሳል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳምን ነገር አለ? መድኃኒቶቹ ነበሩ፤ ምቱን ማስተካከላቸውም በመሣሪያ በግልጽ ይታያል። ሐኪሞችም ያዝዟቸው ነበር። በኋላ «ካስት» የተባለው ሙከራ ምቱን ትቶ የሞተውን ሰው ቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ውጤት፣ ከመድኃኒቶቹ ኢንካይናይድ ወይም ፍሌካይናይድ ከወሰዱት 755 ታማሚዎች 63 ሞተዋል፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 743 ደግሞ 26። መድኃኒቶቹ ምቱን በትክክል እያስተካከሉ ሰዉን ይገድሉ ነበር።

ይህን ታሪክ ለመሐንዲስም ለግብርና ባለሙያም እነግራለሁ፤ «እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም» ይሉኛል። አንተ ግን የሥልጠናህን ውጤት በተሳታፊ ቁጥር ነው የለካኸው። አንቺም መተግበሪያሽ ጠቅሟል ያልሽው ስንት ሰው እንደጫነው ቆጥረሽ ነው። ያኛው የዘሩን ጥሩነት በብቅለት ለክቶ ምርቱን ሳያይ ሄደ። ሁላችሁም የልብ ምት ነው የለካችሁት።

የምትለኩትን ነገር ችግሩ ያለበት ሰው አይቶ «አዎ፣ የቸገረኝ ይኸው ነው» ካላለ፣ የመሐል መለኪያ ላይ ናችሁ። የመሐል መለኪያ አንዳንዴ ግድ ይላል፤ ሞትን ለመቁጠር ዓመታት የሚፈጅ ጊዜ አለ። ግን የመሐል መሆኑን ጻፉት፣ በትልቁም ጻፉት።

ዳታው እንዴት እንደተወለደ አለመጠየቅ

ተመትተው ስለተመለሱት የጦር አውሮፕላኖች (ቀዳዳው የተቆጠረው ባልወደቁት ላይ ብቻ ነበር) ሁሉም ሰምቷል፣ አልደግመውም። እኔ የምወደው የሳንባ ምቹን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ሪች ካሩዋና እና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ምች ታማሚዎችን በሞት ሥጋት የሚለዩ ሞዴሎች እየሠሩ ነበር፤ ሥጋቱ ዝቅ ያለው ቤቱ ሆኖ ይታከማል፣ ከፍ ያለው ይተኛል። ከሁሉ የበለጠ የሚመታው ኒውራል ኔትወርኩ (የዲፕ ለርኒንግ መሠረት የሆነው ዘዴ) ነበር፤ ውስጡ ግን አይታይም። ጎን ለጎን የተሠራና ደንቦቹን የሚያሳይ ሌላ ሞዴል ግን ከዚያው ዳታ ጉድ ይዞ ወጣ፦ አስም ያለበት የሳንባ ምች ታማሚ የመሞት ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው!

ዳታው አልዋሸም። አስም ያለበት ሰው በሳንባ ምች ሲመጣ ሐኪሞቹ ደንግጠው በቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስገቡት ስለነበር በጥሩ ክትትል ተርፏል። ሞዴሉ የተማረው የበሽታውን ጠባይ ሳይሆን የሐኪሞቹን ድንጋጤ ነው። ቢሠራበት ኖሮ እነዚያኑ ሰዎች ወደ ቤታቸው ይልክ ነበር። ኒውራል ኔትወርኩም የተማረው ከዚያው ዳታ ነው፤ ውስጡ ምን እንደያዘ ስለማይታይ ታማሚ ላይ ሳይውል ቀረ።

ስለዚህ ዳታ ስትቀበሉ ፋይሉን ብቻ አትቀበሉ። ማን መዘገበው? ሲመዘግብ ምን አስቦ ነው? ባዶ የሆነው ቦታ ለምን ባዶ ሆነ? መዝጋቢው ፊት ተቀምጦ አንድ ሰዓት ማየት ከአንድ ሳምንት ኮድ ይበልጣል።

«ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቷል»

የተሻሻለ ምድጃ ጭስ ይቀንሳል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ተለክቷል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ግሪንስቶን እና ሬማ ሃና በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ምድጃው የገባባቸውን ቤቶች እስከ አራት ዓመት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሰዎቹ የሚተነፍሱት ጭስ ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። ምድጃውን ዘወትር አልተጠቀሙበትም፣ ሲሰበርም አልተጠገነም። ጥናቱ በስድስት ወር ቢያልቅ ኖሮ የስኬት ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። ብዙዎቻችን ጥናታችንን የምናበቃው ምረቃ ሲደርስ ነው፤ ምድጃ ደግሞ የምረቃ ቀን አያውቅም።

የማያልቅ መጠይቅ

ይህ የእኔ ነው። ወጣት ሳለሁ ስለ ውኃ አጠቃቀም ባለ አሥራ አንድ ገጽ መጠይቅ አዘጋጀሁ። «እስከሄድን ድረስ ይህንንም እንጠይቅ» እያልኩ፣ አማካሪዬም አንድ ጨምሩ ሲሉኝ እየጨመርኩ። ዳታው ሲመጣ ከሰባተኛው ገጽ በኋላ መልሱ ሁሉ «መካከለኛ» ሆነ። ገጽ ከገጽ፣ ሰው ከሰው፣ መካከለኛ። ግኝት መስሎኝ ደስ አለኝ።

በሌላ ዙር ከዳታ ሰብሳቢው ጋር አብሬ ሄድኩ። አንዲት እናት ልጅ አዝላ ደጃፏ ላይ ቆማ ትመልሳለች፤ ልጁ ያለቅሳል፤ እሷ በእግሯ እየተወዛወዘች ታባብላለች። አምስተኛው ገጽ ላይ ወረቀቱን አየት አድርጋ «ወንድሜ፣ ስንት ይቀራል?» አለችው። ዳታ ሰብሳቢው እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ብዕሩን ሳያነሳ እስከ መጨረሻው «መካከለኛ» ላይ እየከበበ ወረደ። ቆሜ አየሁት፣ ምንም አላልኩም። እሱም ልክ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ግን ያን ጊዜ ሪፖርት ሆኖ ወጥቷል፤ ስሜም አለበት።

አሁን መጠይቅ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ እያንዳንዱ ጥያቄ የትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ እንደሚገባ ጎኑ ላይ እንዲጽፍ አደርጋለሁ። መግቢያ የሌለው ይሰረዛል።

ኤክሴል፣ አሃድ እና መሰል ነገሮች

የጂን ስም ኤክሴል ላይ ስትጽፉ «ማርች1» ወደ ቀን ይቀየራል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ፍተሻ የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ካወጡ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ገደማ ይህ ስህተት እንዳለባቸው አሳይቷል፣ በ2020 ጭራሽ የጂኖቹ ስም ተቀየረ። ስለ መንግሥታት ዕዳ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣና ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ አማካዩን ሲያሰላ አምስት አገሮችን ከፎርሙላው ውጭ ትቶ ነበር፤ ያወቀው በ2013 ውጤቱን ደግሞ ልሥራው ያለ ተማሪ ነው። የማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ1999 የጠፋችው አንዱ ቡድን ኃይልን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ስላሰበ ነው። የእናንተን ፋይል ማንም አላየውም እንጂ ከእነዚህ አይሻልም። ለጓደኛ ስጡና ከዜሮ ይድገመው።

ትክክል መሆን ይበቃል ብሎ ማሰብ

ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ከሬሳ ምርመራ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚሄዱ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ አደረገ። በኤፕሪል ከመቶ 18 ገደማ የነበረው የእናቶች ሞት በጁን ወደ 2 ወረደ። ዳታው እንደ ፀሐይ የሚያበራ ነው። እሱ ግን ሥራውን በመጽሐፍ ለማውጣት እስከ 1861 ቆየ፤ ያልተቀበሉትንም በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እስከማለት ደረሰ። እውነቱን ነው ልትሉ ትችላላችሁ። እጃቸውን ግን አልታጠቡም።

ሐኪሞቹን አልከላከልም። ግን ውጤታችሁን የሚሠራበት ሰው ከመጀመሪያው ቀን አብሯችሁ ከሌለ፣ መጨረሻ ላይ የምትሰጡት ምክረ ሐሳብ ወቀሳ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

ውጤቱን ይዞ አለመመለስ

ያ የቀጠሮ ካርድ ያመጣው ልጅ ርዕሱን ቀይሮ የቀጠሮ አመዘጋገብን አጠና። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ዲፌንሱ ላይ አንድ መርማሪ «ታዲያ ሞዴሉ የታለ?» ብለው ትንሽ አስጨነቁት እንጂ በጥሩ ውጤት አለፈ። ቅጂው ቤተ መጻሕፍት ገባ። እኔም ስለ ዳታ ጥራት ሳስተምር እንደ ምሳሌ አነሳዋለሁ።

ባለፈው በራሴ ጉዳይ ወደዚያው ክሊኒክ ሄጄ መዝገብ ክፍል ተሰለፍኩ። ሴትዮዋ አሁንም እዚያው ናቸው። አላወቁኝም፣ እኔም ራሴን አላስተዋወቅሁም። ካርዴን ተቀብለው ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርገው መቱት። 6 ይሁን 8 እስካሁን አልለየሁትም።