ታወሩን ተዉትና መጀመሪያ ጥላችሁን እዩ

ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ የስልክ አንቴና ሲተከል ቡና ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ። «ጨረሩ ሊጨርሰን ነው» ተባለ። ዋናዋ ተናጋሪ ጎረቤቴ ታዲያ ውሎዋቸው ብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፣ ያውም በባዶ ዓይን።

ስልክና ዋይፋይ የሚለቁት ጨረር እንደ ራጅ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን የመንቀል አቅም የለውም። የተረጋገጠ ጉዳቱ ሲበዛ ሰውነትን ማሞቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. «ምናልባት ካንሰር ያመጣ ይሆናል» ከሚላቸው መደበው፤ ፀሐይን ግን በእርግጥ ያመጣሉ ካላቸው ጋር ካስቀመጣት ቆየ።

ስለዚህ ከፀሐይ እንጀምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አልትራቫዮሌቱ (ቆዳና ዓይን የሚያቃጥለው፣ በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር) 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነፋሻ ነው ብላችሁ አትሸወዱ፤ ሙቀትና አልትራቫዮሌት ለየቅል ናቸው። መለኪያ አያስፈልግም፦ ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ መጠለያ ፈልጉ። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ጸበል ሲረጭ የራሰች ስስ ነጠላ ከደረቋ ይልቅ ጨረር ታሳልፋለች፣ ዣንጥላ ያዙ።

ብየዳው ይብሳል፤ እሱም ይህንኑ አልትራቫዮሌት ይረጫል። ሲያዩት ምንም አይመስልም፣ ጉዱ ማታ ነው። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስል ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፣ መብራት አያስችልም። የዓይን የፊት ሽፋን ተቃጥሎ ነው። እኔ የግቢ በር ሳሠራ «ቀጥ ብሏል?» እያልኩ ሳጮልቅ ውዬ ሌሊቱን ተቀምጬ አነጋሁ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሽራል። ግን አትሹት፣ ወተት ምናምን አትጨምሩበት፣ ዓይን ሐኪም ይየው። የፀሐይ መነጽር ለብየዳ አይሆንም፤ የበያጅ ጭምብል ከሌላችሁ ፊታችሁን አዙሩ፣ ልጆችንም አርቁ።

ስልኩን በተመለከተ፣ የሚያሳስባችሁ ከሆነ በጆሮ ማዳመጫ አውሩ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ኔትወርክ አንድ ሰረዝ ብቻ ሲሆን ደግሞ ረጅም ወሬ ይቅር፣ ስልኩ ያን ጊዜ ነው ጉልበቱን የሚጨምረው። ታወር ሲርቅ ጆሯችን ላይ ያለው ቀፎ ይበረታል ማለት ነው፤ ይሄን ለጎረቤቴ ብነግራቸው አልዋጥ አላቸው።

ማይክሮዌቭ ያላችሁ፣ በሩ አልገጥም ካለ አታብሩት። ወደ በያጁም አትውሰዱት።